የተደፋችው ታንኳ

እናንተ ሳትኖሩ፣ እኔም ሳልኖር፣ ይህ ሐይቅ የሞተር ድምፅ ሳያውቅ፣ ሾላ ጫፍ በሚባል በዚህ መንደር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ሀብት አልነበራትም። ልጅም አልተወችም። ግን እስከ ዛሬ ጧት ጧት ስሟን እንጠራለን። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ደብሪቱ ወጀብ ሳይመጣ ታውቃለች። ከማን እንደተማረችው የሚያውቅ የለም። ሩቁ ደሴት ዛፉ እስኪለይ ድረስ ቀርቦ ሲታያት፣ የውኃው ዳር ጭቃ ጭቃ ሲሸት፣ ወፎቹ ዳር ከበቀለው ደንገል ውስጥ አንወጣም ሲሉ፣ ወጀብ መቅረቡን ትረዳለች።

እንግዲህ የመጀመሪያው።

አንድ ጧት የመንደሩ ወንዶች ማገዶ ጭነው ማዶ ገበያ ሊቀዝፉ ተነሡ። ሐይቁ እንደ ዘይት ረግቷል። ደብሪቱ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገብታ የባሏን የተገኘን ታንኳ ያዘች።

«ዛሬ ይቅርብህ» አለችው።

«ምነው?»

«ደሴቱ ቀርቧል።»

ተገኘ ሳቀ። «ከቀረበማ ደግ፤ መንገዱ አጠረልኝ።» ወንዶቹም ሳቁ። ሄዱ።

ቀን ላይ ሰማዩ ከደቡብ ጠቆረ። ወጀቡ መጣ። ሌሎቹ ማገዶአቸውን ለውኃው ጥለው ወጡ። ተገኘ አልወጣም።

ተገኘ ቢሰውር የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። ለቅሶው ላይ ቆመና፣ «ሳይመጣ ያወቀችው ስለጠራችው ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሰማ። አይደለም ያለ የለም።

ሁለተኛው።

ክረምት አለፈ፤ ክረምት መጣ። ደሴቱ እንደገና ቀረበ። ደብሪቱ ከቤት ቤት እየሄደች «ዛሬ አትውጡ» አለች። የተገኘን ሞት ያየ ሰው ፈራ፤ ማንም አልወጣም። ወጀቡ ግን ሰማዩን አጥቁሮ፣ ዞሮ፣ ወደ ሌላ ዳርቻ ሄደ። እዚያ ማን እንደሰጠመ ሾላ ጫፍ አልሰማም። ሾላ ጫፍ ያወቀው ገበያው እንዳመለጠው፣ ዓሣው እንደሸተተበት ነው።

«ሲያሻት ትጠራዋለች፣ ሲያሻት ትሸኘዋለች» አለ ቢሰውር። «ነፋስ የቤቷ ጥጃ ነው እንዴ?»

ሽማግሌዎች ደጀ ሰላም አቁመው አስማሏት። ስለ ነፋስ ቃል ላትተነፍስ ማለች። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ውኃ ሲቀዱ ከእሷ ራቅ ብለው ይቀዳሉ። እሳት ልትጭር የምትመጣ ጎረቤት ቀረች። «እንደምን አደርሽ» የሚላት ጠፋ።

አንዳንድ ጧት ለራሷ «እንደምን አደርሽ» ትል ነበር ይባላል። እኔ አላውቅም። ማን ሰማት?

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከሐይቁ ሲመለስ ታንኳውን እንዲደርቅ ሾላ ዛፍ ላይ አስደግፎ ያቆመዋል። ደብሪቱም ውኃው ዳር ካለው ቤቷ አጠገብ ታቆማለች። ወጀብ በሚመጣበት ቀን ግን ነፋሱ እንዳይወስድባት ታንኳዋን በአፏ ትደፋታለች፤ ድንጋይ ትጭንባታለች። ለማንም ብላ አይደለም።

መንደሩ ያን አየ። ጧት ማገዶውን ተሸክሞ ይመጣና ወደ ቤቷ አጮልቆ ያያል። ታንኳዋ ቆማ ከሆነ ይቀዝፋል። ተደፍታ ከሆነ «ወገቤን አመመኝ» ብሎ ይመለሳል። ያን ቀን የመንደሩ ወገብ ሁሉ ያማል። ለእሷ የነገራት የለም። እርስ በርስም አልተነጋገሩበትም። ብዙ ክረምት እንዲህ አለፈ። የሰጠመ ሰው አልነበረም።

ቢሰውር ብቻ አያይም። «የእሷን ታንኳ አይቼ ከማድር ዓሣ ይብላኝ» ይላል።

ሦስተኛውን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

አንድ ጧት ደብሪቱ ወጣች። ደሴቱ እንደዚያ ቀርቦ አያውቅም። ታንኳዋን ልትደፋ ጎንበስ ስትል ሐይቁ ላይ አንድ ሰው አየች። አቀዛዘፉ እንደ ሟች ባሏ ነው፤ ወደ ግራ ያዘነብላል። ቢሰውር ነው። ከባሏ ቤት የቀራት እሱ ብቻ ነው። ልትጮህ አፏን ከፈተች። መሐላው አለባት፤ ደግሞም ርቋል። ታንኳዋን ውኃ ላይ አውርዳ ቀዘፈች።

ደረሰችበት። «ተመለስ» አለችው። ስለ ነፋስ አላነሣችም።

ቢሰውር እሷን አላየም። የሚያየው ከኋላዋ ነበር። «እነዚያንስ ምን ብለሽ ጠራሻቸው?»

ዞራ አየች። የሾላ ጫፍ ታንኳዎች ሁሉ ማገዶ ጭነው፣ ሚስትና ልጅ ጭነው ይመጣሉ።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«አንቺን አይተው ነዋ! ታንኳሽ ካልተደፋች አገሩ ይቀዝፋል። አታውቂም?»

«ማን ነግሮኝ፣ አያ?»

በስተደቡብ ሰማዩ ጠቁሯል። ደብሪቱ ወደ ሰዎቹ ጮኸች፤ ነፋሱ ድምፅዋን ወደ ማዶ ወሰደው። እጇን አወዛወዘች። ሰዎቹ ሰላም የምትላቸው መሰላቸው፤ ምን እንደሚመልሱ ስላላወቁ አንገታቸውን ደፍተው ቀዘፉ።

ያን ጊዜ መቅዘፊያዋን ጣለች። በታንኳዋ ጠርዝ ላይ ቆመች። በሙሉ ክብደቷ ዘንበል አለችና ገለበጠቻት። የታንኳዋ ጀርባ ወደ ሰማይ ሆነ።

ሾላ ጫፍ ያን ምልክት ያውቃል። ታንኳዎቹ አንድ ላይ ዞረው ወደ ዳር ወጡ።

ቢሰውር እጁን ዘረጋላት። በመካከላቸው ማዕበል ቆመ። እሱን ሞገዱ ዳር ደንገሉ ውስጥ ጣለው፤ ይህን ሁሉ የተናገረው እሱ ነው። እሷ አልወጣችም።

በማግስቱ ታንኳዋ ብቻዋን መጣች። በአፏ እንደተደፋች፣ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት ቦታ ደረሰች። ቢሰውር ድንጋይ ጫነባት። አጠገቧ ተቀመጠና «እንደምን አደርሽ» አላት።

ዛሬ የነገውን ነፋስ ሬዲዮ ይነግረናል። ደግ ነው፤ እንሰማለን። ያቺ ታንኳም ከበሰበሰች ቆየች። ግን በየዓመቱ ደንገል አጭደን አዲስ እንሠራለን። ማንም አይቀዝፍባትም፤ ዳር ላይ ደፍተን እንተዋታለን። ወደ ሐይቁ የሚወጣ ሁሉ አጠገቧ ይቆማል፤ «እንደምን አደርሽ፣ ደብሪቱ» ይላል። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ይቆያል። ከዚያ ይቀዝፋል።

ለልጆቻችንም ይህን እንላቸዋለን፦ ሰላም ያላልከውን ሰው ታንኳ አትይ።