ጭራ የሰጠው ባለጸጋ

አንድ ሰው ነበረ፤ ማሲንቆ ነበረው፣ ጭራ ግን አልነበረውም። አቶ ዘርጋው፣ የጠየቁኝን አልረሳሁም። «መሥሪያ ቤታችን ለሰፈሩ የትርዒት ቀን ድጋፍ ቢሰጥ፣ ወጣቶቹ ለምን መለሱብን?» ብለዋል። መልሱ ከዚያ ጭራ ላይ ነውና ይስሙኝ።

ሰውየው የአንድ መንደር አዝማሪ ነው። በዚያ መንደር እህል ጎተራ ከገባ በኋላ አንድ የጨዋታ ቀን አለ። አዝማሪው አውድማው መሃል ቆሞ ድንበር የገፋውን፣ የጎረቤቱን ዶሮ በልቶ «ጭልፊት ወሰዳት» ያለውን፣ ሁሉንም በየተራ በግጥም ይሸነቁጣል። የተነካው ስቆ ይክሳል እንጂ አይቀየምም። ሰባት ሽማግሌ ሦስት ዓመት ያልፈታውን ጠብ አንዲት ግጥም ፈትታዋለች። ያ ቀን ከቀረ መንደሩ ተኳርፎ መክረሙ ነው።

ቀኑ ሲቃረብ የማሲንቆው ጭራ አርጅቶ ተበጠሰ። ፈረስ ያለው ደግሞ ጋራው ላይ የሚኖር አንድ ባለጸጋ ብቻ ነው። አዝማሪው ሄዶ ደጅ ጠና። ባለጸጋው አሰበ፣ ተከዘ፣ ሚስቱን አማከረ፤ ከዚያ ከፈረሱ ጭራ አንዲት ቁንጥር ቆርጦ ሰጠው። ፈረሱ ራሱ አፍሮ አንገቱን ደፋ ይባላል።

ስጦታዋ ቁንጥር፣ ጣጣዋ የአህያ ጭነት። በማግስቱ ሎሌ ተልኮ ጭራው እንዴት እንዳደረ ተጠየቀ። በሳልስቱ አዝማሪው ራሱ ይዞ ይምጣ ተባለ። ወጣ፣ አሳየ፣ ወረደ፤ እንደገና ተጠራ። ግጥም የሚያበጅበት ቀን በመንገድ አለቀ። ጫማው አለቀ፣ ተረከዙ አለቀ፣ ጥቂት ቢቆይ እስከ ጉልበቱ ባለቀ። ቢሆንም ለመንደሩ ሲል ቻለው።

የጨዋታው ቀን ባለጸጋው ፈረሱን ወርቀ ዘቦ አልብሶ መጣና በአዝማሪውና በሕዝቡ መካከል ገተረው። ጭራው የማን እንደሆነ ይታወቅ ብሎ ነው። ሰዉ ከፈረስ ቂጥ በቀር የሚያየው አጣ። አዝማሪው ይህንንም ቻለ።

በዚያ ዓመት በመሬት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። አንዱ በአውድማው ወዲያ ጫፍ፣ ሌላው ወዲህ ጫፍ ተቀምጠዋል። አሮጊት እናታቸው መሃል ሆና የአዝማሪውን አፍ አፉን ታያለች። እሱም የእነሱን ነገር ሊያነሳ ማሲንቆውን ሲቃኝ ባለጸጋው እጁን አነሳ።

«በእኔ ጭራ የሰው ነገር አይፈተፈትም፤ ፈረሴን አመስግንበት» አለው።

አዝማሪው አሮጊቷን አየ። ፈረሱንም አየ። ከዚያ ጭራውን ከማሲንቆው ፈታና ወደ ፈረሱ ኋላ ዞሮ ከቦታው ቋጠረው።

«ጌታዬ፣ ፈረስዎ ሙሉ ነው፤ ይውሰዱት» አለ።

ማሲንቆውን አጋድሞ ቆዳውን እንደ ከበሮ በመዳፉ እየመታ ያዜም ጀመር፦

አንድ ጡት የጠቡ፣ ባንድ ጀርባ ያደጉ፣
ለስንዝር መሬት ዱላ ፈላለጉ።

ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው። ታናሽየው ሳቁን ለመያዝ ጋቢውን ነከሰ፤ ታላቅየው አልቻለም፣ ፈነዳ። እናታቸው እያለቀሰች እልል አለች። ባለጸጋው ግን ፈረሱን እየጎተተ ሄደ፤ እስኪሞትም ድረስ «ውለታ ቢስ መንደር» እያለ ኖረ።

እንግዲህ አቶ ዘርጋው፣ ያ ባለጸጋ እርስዎ ነዎት፤ አይቆጡኝ። የሰጣችኋት ገንዘብ ለመጋረጃና ለድምፅ ማጉያ ትበቃ ነበር፤ እሷስ መልካም ናት። ግን ልጆቹን በየሳምንቱ ሪፖርት አምጡ ብላችሁ አመላለሳችኋቸው። ከመድረኩ የሚሰፋ ባነር ሰቀላችሁ። ይህን ሁሉ ችለው ሳለ፣ «ስለ ሰፈራችሁ ያዘጋጃችሁትን ትያትር ትታችሁ የእኛን መሥሪያ ቤት አወድሱ» አላችኋቸው! ያን ጊዜ ቋጥረው መለሱላችሁ። የሰጣችሁት ጭራውን ነው፤ አፋቸው የራሳቸው ነው። ይህን ካወቁ በሚመጣው ዓመትም ይስጡ፣ እጅ ነሥተው ይቀበሉዎታል። ካላወቁ ግን ፈረስዎን ይዘው ከኋላ ይቁሙ፤ ሰው ትርዒቱን ይይ።