የዲስኩ ዋስ

አቶ ጎበዜ ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ቢሞላቸውም «ክቡር ዳይሬክተር» ካልተባሉ ጆሯቸው አይሰማም። ኮምፒውተራቸውን ልትሠራ የመጣችውን ባለሙያ እንኳ «ብትጠፊ ማንን ልይዝ ነው? ዋስ ጥሪ!» ብለው በር ላይ አቆሟት። ፀጉር አስተካካይ ጎረቤቷን ጠርታ ገባች።

ሪባን ሲቆርጡ የተነሱት አራት ሺህ ፎቶ እንዳይጠፋ፣ ሁለት ርካሽ ሃርድ ዲስክ ገዝተው ሁሉንም በሁለቱም ላይ እንዲያስቀምጡ መከረቻቸው።

«ርካሽ? በኔ ቤት? አንድ ውድ ይበቃኛል! ርካሽ በርካሽ ላይ ቢደመር ያው ርካሽ ነው!» ብለው ጮኹ።

ባለሙያዋ ሶፋው ላይ የሚያንቀላፋውን ጎረቤቷን አየት አደረገችና፣ «ክቡር ዳይሬክተር፣ እኔም ርካሽ ነኝ፣ ዋሴም ርካሽ ነው። ሁለታችንም ባንድ ቀን አንጠፋም ብለው አይደል ያስገቡን?» አለቻቸው።