መቃብር ያልነበረበት መሬት

ስሟ ባይጠራ ምንም በማይጎድልባት አንዲት አሮጌ ከተማ ሼህ ሙዘይን የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ከመስጊዱ በታች ቆሻሻ ይደፋበት የነበረውን ባዶ ቦታ ከሰጋጁ ጀማዓ ጋር ጠርገው፣ ፍግና አመድ አልብሰው ጎመንና ቀይ ሥር ተከሉበት። ባል የሞተባቸው ሴቶች ከዚያ እየቀጠፉ የቲሞቻቸውን ያበሉ ጀመር።

ፈቃድ ሲጠይቁ ማዘጋጃ ቤቱ ቦታው በፕላኑ ላይ የመኖሪያ ነው ብሎ መለሳቸው። ሼሁ «ኸይር ነው፣ ለበጎ ነው» ብለው እንደገና አመለከቱ። አሁን ደግሞ መንገድ ያልፍበታል ተባለ። ያኔም «ኸይር ነው» አሉ። ሰዉን ግን ይህች ኸይር ሰልችታው ነበር።

አንድ ቀን የማዘጋጃው ሠራተኛ ችካልና ገመድ ይዞ መጣ። በዚያች ከተማ መቃብር አይነካም፤ መንገድ እንኳ ዞሮት ያልፋል። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ሼሁን ጠጋ ብሎ፣

«ሼህ፣ እዚህ የተቀበረ ሰው አለ? ካለ መስመሩን እናዞረዋለን። እርስዎ አለ ካሉኝ ይበቃኛል፣ ቆፍሬ አላይም» አላቸው።

ሰዕዲያ የምትባል የየቲሞች እናት ከጎመኑ መሃል ቀና አለች። «አለ በሉት እንጂ አባባ! ሁለት የመቃብር ድንጋይ ማቆም ያቅተናል?»

ሼሁ ጎመኑን አዩ። የሰዕዲያን ልጆችም አዩ።

«የለም ልጄ» አሉት። «እዚህ የቀበርነው ፍግ ብቻ ነው።»

ችካሉ ተመታ። ሰዕዲያ የቀጠፈችውን ጎመን መሬት ላይ ጣለችው።

«እርስዎ ጾም ለምደዋል። ልጆቼ ግን አልለመዱም» ብላ ሄደች።

ሼሁ ወደ ሰውየው ዞረው፣ «መንገዱ ይህን ያዳበርነውን ጥቁር አፈር ይፈልገዋል?» አሉት።

«አይ፣ ተጠርጎ ነው የሚጣለው።»

«እንግዲያው እኛው እንጥረገው።»

ከወንዙ ዳር ፕላኑ ለምንም ያልፈለገው ድንጋያማ ተዳፋት ነበር። ሰውየው እሱን ለአትክልት አስፈቀደላቸው። ሼሁ በዚያ እድሜያቸው ከሰዓት የሚሰገደውን የዐስር ሶላት እንደ ጨረሱ አፈሩን ወደዚያ በጆንያ ይሸከሙ ጀመር። አንዳንዱ ተከተላቸው፣ አንዳንዱ እቤቱ ቀረ። ሰዕዲያ ቆይታ መጣች። ሰላምታም ሳትሰጥ ጆንያዋን ሞልታ አነሳች። መንገድ ላይ ግን አላስቻላትም።

«አንዲት ቃል ነበረች እኮ፣ አባባ።»

ሼሁ ሸክማቸውን አወረዱ። «በውሸት ያጠርነውን አላህ እንዲጠብቅልን በየትኛው ዱዓ እንለምነዋለን?» አሉ።

እኔ ሶብር ወይም ትዕግሥት ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ይመስለኝ ነበር። የሼሁ ሶብር ግን ወገብ የሚያሳምም ነው። ደግሞ ሰዕዲያም ሐቅ አላት፤ የራበው ልጅ ለያዘች እናት እውነት ለጠገበ ሰው እንደምትቀለው አትቀላትም። ሼሁ ይህን ያወቁ ይመስለኛል፤ «የለም» ካሉ በኋላ ወደ ቤታቸው ያልገቡት ለዚህ ነው። በተናገርነው እውነት የሚራብ ሰው ካለ፣ ሸክሙ የእኛ ነው።