ለጀልባ የተሸጠው ምሳ

የከተማይቱን ስም ተዉት፤ ሰው ወደ መካ በበቅሎና በእግር፣ ከዚያም በጀልባ ይሄድ በነበረበት ዘመን የነበረች አንዲት የደጋ ከተማ ናት። ሼህ ኢብሬ የሚባሉ ዐሊም ነበሩባት። ሐጅ ያሰበ ሁሉ ስንቁን የሚያሰላው እሳቸው ዘንድ ነበር። ለቀን ስንት፣ ለጀልባ ስንት፣ ለመመለሻ ስንት ብለው ሲለዩ አንዲት ቀን እንኳ አታመልጣቸውም። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲሸኙ ኖረው የራሳቸው ተራ የደረሰው ጢማቸው ሙሉ በሙሉ ከነጣ በኋላ ነው።

ጎረቤታቸው ነጋዴው ይማም አብሯቸው ሊሄድ ተነሣ፤ ሲያሰሉም ከጎናቸው ተቀምጦ ነበር። አስቀድመው የቤታቸውን ነፈቃ፣ ለቤተሰብ የሚገባውን ቀለብ፣ ያዙ፤ ባል የሞተባት ልጃቸው ሰዕዳና ሦስት ልጆቿ ለሰባት ወር የሚበሉትን እህል ለየቀኑ እየሰፈሩ ለዩ። ረመዳን ላይ ሲደርሱ፣ በጾም ወር ምሳ የለም ብለው የወሩን ቀለብ ሲሶውን ቀነሱ። የተቀነሰው እህል ተሸጦ የጀልባው ዋጋ ሞላ። ይማም በጥንቃቄያቸው ተደነቀ። ሰዕዳ ትንሹን ታቅፋ ቆማ ታይ ነበር። "ይበቃናል አባ" አለች።

በአሥረኛው ቀን ወደቡ ደረሱ። ረመዳን ሊገባ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ጀልባዋ በማግስቱ ትነሣለች። ከዐስር ሶላት በኋላ አንዲት ጨቅላ ያቀፈች ሴት ወደ ሼሁ ቀርባ፣ የማጠባ ነኝና ጾሙን እንዴት ላድርገው ብላ ጠየቀች። ለልጅሽ የምትሰጊ ከሆነ ቀን ቀን ብዪ፣ በኋላ ትከፍዪዋለሽ፣ ሕፃን ልጅም ጾም የለበትም እያሉ ሲያስረዷት ድንገት ነገሩን አቋርጠው ወደ ይማም ዞሩ። ይማም ያመማቸው መሰለው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ይማም፣ ሰዕዳ ታጠባ የለም እንዴ?" አሉ። "ልጆቿስ ማናቸው ይጾማሉ? ትልቁ ገና ስድስት ዓመቱ ነው። እኔ እኮ ምሳቸውን ሸጬ ነው የመጣሁት።"

ይማም ክው አለ። እህሉ ሲሰፈር ዓይኑ እያየ እሱም አላስተዋለም። ከሁሉ ያስደነገጠው ግን የሰዕዳ ነገር ነው። ማወቁንማ አውቃለች፤ አባቷ ከሐጅ እንዳይቀሩ ብላ ዋጠችው እንጂ። ሱብሀነላህ!

ነጋዴ ነውና መላ ፍለጋ ገባ። ጎረቤት አያስርባቸውም፣ እርስዎ ይሂዱ አላቸው። ጎረቤት ቢያበላቸው ምንዳው የጎረቤት ነው፣ ግዴታው ግን የእኔ ነው አሉት። እንግዲያው ከእኔ ስንቅ እንካፈል አለ። ስንቁን የሰፈሩለት ራሳቸው ናቸውና ለአንድ ሰው ልክክ ያለ መሆኑን ያውቃሉ፤ በሰው አገር ሁለት ለማኝ ከምንሆን ብለው እምቢ አሉ። የጀልባውን ዋጋ ገና አልከፈሉም ነበር። በማለዳ ገንዘቡን በመቀነታቸው ቋጥረው፣ በቅሏቸውን ጭነው ወደመጡበት ዞሩ። ይማም ጀልባዋ ላይ ቆሞ፣ ሠላሳ ዓመት የጠበቁት ሰው ለባሕሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲሄዱ እያየ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ሐጁን አድርጎ ሲመለስ ሼሁን ያገኛቸው አልጋ ላይ ነው። ዳግመኛ መንገድ የሚችል ጉልበት አልቀራቸውም። ስለ ካዕባ ማውራት ቢያፍር፣ ራሳቸው እየጠየቁ አስወሩት። እየሰሙ እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

ይማም ድፍረቱ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ፣ ይቆጭዎታል ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

"እንዴት አይቆጨኝ፣ በየቀኑ ይቆጨኛል" አሉ። "ግን እነሱ ረሃቡን ከሚችሉት እኔ ቁጭቱን ብችለው ይሻላል።"

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ እኛም ለሐጅና ለዑምራ ስንነሣ የማደሪያውን፣ የምግቡን፣ የስጦታውን ለየቀኑ እንመድባለን። ደግ ነው፣ ይመደብ። እኔን የሚያስደነግጠኝ፣ አንዲት ቀን የማትስተው ዐሊም አጠገባቸው የቆመችውን ልጃቸውን ሳያዩ መቅረታቸው ነው። ያም ሆኖ እሳቸው ጀልባዋ ሳትነሣ አዩ። ከእኛ መካከል ሄዶ ተመልሶ፣ ሐጂ እየተባለ እየተጠራ፣ ከማን ጉሮሮ ነጥቆ እንደሄደ እስከ ዛሬ ያላየ ስንት አለ? አላህ ጀልባው ሳይነሣ ከሚያዩት ያድርገን።