የአዝራሩ ሕግ እስኪለይ

አንድ ልብስ ሰፊና አንድ አናጢ በአንድ ሰፈር ይኖሩ ነበር። ሰፊው ገረመው፣ አናጢው ድንበሩ ይባላሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሥራ በኋላ ሰፊው ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ራሳቸው የፈጠሩትን ጨዋታ ይጫወታሉ። ጨዋታው ቀላል ነው። እያንዳንዳቸው ስድስት ካርታ ይደረድራሉ፤ በየካርታው ላይ ከስፌት የተራረፈ አዝራር ያስቀምጡና በየተራ ከካርታ ወደ ካርታ ያዘዋውራሉ። አዝራሩን ሁሉ ወደ ጓደኛው ካርታ ቀድሞ ያሻገረ ያሸንፋል።

አንድ ቀን ድንበሩ አንድ አዝራር ገረመው ካርታ ላይ አኖረ። እጁን ካነሳ በኋላ ሐሳቡን ቀየረና መልሶ ወሰደው።

«እጅህን ካነሳህ አለቀ፤ አይመለስም!» አለ ገረመው።

«የት ተጽፎ? ሃያ ዓመት ስንመልስ አልኖርንም እንዴ?»

«ወግድ፣ አጭበርባሪ!»

ይህች አንዲት ቃል አለያየቻቸው። ድንበሩ ኮፍያውን አንስቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ በረንዳው ላይ አልታየም።

ገረመው ሽማግሌ ሰበሰበ። ለዕርቅ እንዳይመስላችሁ! የአዝራሩን ሕግ አጥርተው እንዲጽፉለት ነው። ሽማግሌዎቹም አንዱ ሲመጣ አንዱ እየቀረ ሦስት ወር ፈጁ።

በዚህ መሃል ድንበሩ ታሞ ተኛ። ሚስቱ ወይዘሮ አመልማል «ኧረ ስምህን እየጠራ ነው፣ ብቅ በልለት» ብላ ላከችበት። ገረመው ደነገጠ፤ ጫማውንም አጥልቆ ነበር። ግን ምን ያደርጋል፣ እልኽ ያዘው። «ሳንታረቅ ምን ብዬ ደጁን እረግጣለሁ? መጀመሪያ ሕጉ ይለይ» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ይኼኛው ደግሞ ወረቀቱ እስኪመጣለት ይጠብቅ ነበር።

መልእክቱ በደረሰው በስምንተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ፈርመው ሰጡት፦ «እጅ ከተነሳ አዝራር አይመለስም።» ገረመው ረታ። ወረቀቱን ይዞ ደስ እያለው ወደ ድንበሩ ቤት ገሰገሰ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ከውስጥ የለቅሶ ድምፅ ሰማ። ጎረቤቶች ድንኳን ሊተክሉ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነበር።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። አመልማል ወጥታ አየችው።

«የያዝከው ምንድን ነው?»

«ሕጉ ነው» አለ እያለቀሰ። «እኔ ነበርኩ ልክ።»

«ልክ መሆንህንማ ድንበሩ ካመነ ቆየ» አለችው። «‹እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይቅርታ ልጠይቀው› ብሎ ነበር የጠራህ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በሩን ሲያይ ነበር።»

ወዳጆቼ፣ ሕግ ጥሩ ነው፤ ማንም አይጠላውም። ግን አብሮን የሚጫወት ሰው ከሌለ ሕጉ ለማን ነው? እስቲ እውነቱን እንነጋገር፦ እናንተስ ያኮረፋችሁትን ሰው ደጅ ለመርገጥ የማንን ፊርማ ነው የምትጠብቁት?