የወይዘሮ እታፈራሁ በር እንዴት ተከፈተ

ጠጋ በሉማ፤ በዋርካ ሜዳ ወረዳ የሆነውን ልንገራችሁ።

እታፈራሁ የሚባሉ ሴትዮ ነበሩ። ምኞታቸው ትንሽ ናት፤ የግቢያቸው በር ይከፈት፣ በቃ። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። ውጭ ደግሞ የሰፈሩ ቆሻሻ ተከምሮ ተደግፎታል። ስለዚህ ቤተሰቡ በመሰላል አጥር ላይ ወጥቶ በመሰላል ይወርዳል። እሳቸው ለምደውታል። ባለቤታቸው አቶ ወርቅነህም ለምደውታል። በጉ ሳይቀር ለምዶታል። እሑድ ግን አንድ ልጃቸው አዝመራ ልትዳር ነው።

“ልጄን በቬሎ አጥር አላዘልላትም!” አሉና በመሰላሉ ወርደው የቆሻሻ መኪና ሾፌሩ ሽብሩ ዘንድ ሄዱ።

“ሽብሩ፣ ያንን ክምር አንሳልኝ።”

“እትዬ፣ አንስቼ የት ልድፋው? የድሮው መድፊያ ተዘግቷል። አሁን ቆሻሻው ፋብሪካ ገብቶ፣ ተቃጥሎ፣ መብራት ይሆናል ተብሏል። ፋብሪካው ካላቃጠለ እኔ አልጭንም።”

መኪናው አይጭንም፣ ቆሻሻው አይነሳም፣ በሩ አይከፈትም!

እታፈራሁ ወደ ፋብሪካው ሄዱ። ኃላፊው ኢንጂነር ተካልኝ የምድጃውን በር በመሀረብ ይወለውላል። ምድጃው ውስጥ አንዲት ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች።

“ልጄ፣ እባክህ አቃጥል።”

“ቀስ ብለው ያውሩ፣ ዶሮዋ ትደነግጣለች” አለ ኢንጂነሩ። “ምድጃውን የምለኩስበት ነዳጅ የለኝም። ምክር ቤቱ በጀት ካላጸደቀ አላቃጥልም።”

ምክር ቤቱ አያጸድቅም፣ ፋብሪካው አያቃጥልም፣ መኪናው አይጭንም፣ ቆሻሻው አይነሳም፣ በሩ አይከፈትም!

ምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ነበር። አፈ ጉባኤው አቶ ደርበው ከመድረክ ሆነው በደስታ ተቀበሏቸው።

“እንኳን ደስ አለዎት! ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ቆሻሻ የሚባል ነገር የለም። ጥሬ ሀብት እንዲባል በሙሉ ድምፅ ወስነናል። እርስዎ በር ላይ ያለው የወረዳው ሀብት ነው።”

“ታዲያ ሀብታችሁን ውሰዱልኛ!”

“በምን ገንዘብ? ካዝናችን ባዶ ነው። ባንኩ ካላበደረን አናጸድቅም።”

ባንኩ አያበድርም፣ ምክር ቤቱ አያጸድቅም፣ ፋብሪካው አያቃጥልም፣ መኪናው አይጭንም፣ ጥሬ ሀብቱ አይነሳም፣ በሩ አይከፈትም!

ባንክ ቤት ደረሱ። ሥራ አስኪያጁ “ወረዳ” የሚለውን ቃል ሲሰማ ጠረጴዛ ስር ገባ። እታፈራሁም ጎንበስ ብለው አነጋገሩት።

“ኧረ ውጣ ልጄ፣ ለራሴ ልበደር አይደለም የመጣሁት፣ ለወረዳው እንድታበድር ነው።”

“ምድጃውን የገዙበትን ዕዳ መቼ ከፈሉኝ?” አለ ከዚያው ሆኖ። “ነጋዴው ግብሩን ይክፈልና ወረዳው ዕዳውን ያቃልል። ያለዚያ አላበድርም።”

ነጋዴው አይከፍልም፣ ባንኩ አያበድርም፣ ምክር ቤቱ አያጸድቅም፣ ፋብሪካው አያቃጥልም፣ መኪናው አይጭንም፣ ቆሻሻው አይነሳም፣ በሩ አይከፈትም!

ነጋዴው ግብር ቢሮው ደጃፍ ላይ ነበር፣ ሰልፉ አደባባዩን ዞሮ። ፊት የቆሙት ሐጂ ኑሩ ናቸው።

“ሐጂ፣ ስለ አዝመራ ብለው ይክፈሉ።”

“ልከፍልማ ስንት ቀን ቆምኩ! ቢሮው ጨለማ ነው፤ ኮምፒውተር አይነሳ፣ ደረሰኝ አይወጣ። ያለ ደረሰኝ ሳንቲም አልሰጥም።”

“መብራቱ የት ሄደ?”

“ከፋብሪካው አዲስ መብራት ይመጣል ብለው የድሮውን መስመር ነቅለውት።”

እታፈራሁ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ፋብሪካው ካላቃጠለ መብራቱ አይበራም፤ መብራቱ ካልበራ ነጋዴው አይከፍልም፣ ባንኩ አያበድርም፣ ምክር ቤቱ አያጸድቅም፣ ምክር ቤቱ ካላጸደቀ ደግሞ ፋብሪካው… “ዞሮ እዚያው!” ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉና አለቀሱ።

በሰርጉ ዋዜማ ቤታቸው ሲመለሱ ጀነሬተር አከራዩ ጌጡ አጥሩን ሽቅብ እያየ ቆሟል። ለሰርጉ የተከራዩትን ጀነሬተር በጋሪ አምጥቶ በየት እንደሚያስገባው ጨንቆታል። እታፈራሁ ጀነሬተሩን አዩት፤ ደግመው አዩት።

“ጌጡ፣ ይኼ ነገር ኮምፒውተር ያስነሳል?”

“ሰፈሩን ያስነሳል እትዬ! ግን ለሌላ ከዋለ ነገ ድምፅ ማጉያ የለም፣ ዘፈን የለም፣ አምፖል የለም።”

እታፈራሁ ለአንድ ልጃቸው ሰርግ ከተማው የሚሰማው ዘፈን ሲመኙ ነው የኖሩት። በዚህ መሀል አዝመራ እጇ ላይ ሒና እንደተቀባች በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

“እማዬ፣ ይሂድ! እልልታ በመብራት አይሠራም!”

ጋሪው ዞረ። ግብር ቢሮው ደጃፍ ላይ ጌጡ ገመዱን ሳበው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ድድድድድ!

መብራቱ በራ! መብራቱ ሲበራ ነጋዴው ከፈለ። ነጋዴው ሲከፍል ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ስር ወጥቶ አበደረ። ባንኩ ሲያበድር ምክር ቤቱ በጭብጨባ አጸደቀ። ምክር ቤቱ ሲያጸድቅ ኢንጂነሩ ዶሮዋን ከነእንቁላሏ አቅፎ አወጣና ለኮሰ። ፋብሪካው ሲያቃጥል መኪናው ጫነ፣ መኪናው ሲጭን ቆሻሻው ተነሳ፣ እሑድ ረፋድ ላይ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ደጅ ሲደርስ በሩ፣ ሲጢጢጥ ብሎ፣ ተከፈተ!

አዝመራ ቬሎዋን እየጎተተች በእግሯ ወጣች። የሽብሩ መኪና ክምሩን ጭኖ ከፊት፣ የሙሽሮቹ መኪና ከኋላ ሆነው ጡሩምባቸውን እያስጮሁ ሄዱ። ሰፈሩም ለየትኛው እንደሆነ ሳይለይ እልል አለ፤ ክምሩም ቢሆን ብዙ ጊዜ አብሮ የኖረ ጎረቤት ነበራ።

ሁሉም ሲሄድ እታፈራሁ ግቢው ውስጥ ቆመው እንባቸውን ጠረጉ።

“ለልጅሽ ነው ለክምሩ?” አሏቸው አቶ ወርቅነህ።

“ዝም በል፣ በሩን ዝጋው” አሉ እታፈራሁ። ሲዘጉት፣ “አሁን ደግሞ ክፈተው” አሉ። ሲከፍቱት፣ “አሁን ዝጋው” አሉ።

እሳቸው ሲያስዘጉና ሲያስከፍቱ ትቻቸው መጣሁ።