ክቡርነታቸው የመቃብር ድንጋይ ሲያስጽፉ

በክሮኤሽያ ባሕር ዳርቻ በምትገኝ አንዲት መንደር፣ ሰው በቁሙ የመቃብር ድንጋዩን ማስቀረጽ ልማዱ ነው። ስሙና የተወለደበት ዓመት ይጻፍና የሚሞትበት ዓመት ቦታው ባዶ ይተዋል።

ቀኝ ዘመሙ ፖለቲከኛ ቲሆሚር ቫርላዝም ለዚሁ ጉዳይ ምላሱ የሰላ አንድ ድንጋይ ጠራቢ ዘንድ መጡ። ጠራቢው አብሮ አደጋቸው ነውና ጉዳቸውን ያውቃል። በወጣትነታቸው ኮሚኒስት ነበሩ፤ ዘመኑ ሲገለበጥ ኮሚኒስት አሳዳጅ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሦስት የቀኝ ፓርቲዎች ቀያይረዋል፤ አንዱ ጋ በገቡ ቁጥር ታዲያ፣ "እስክሞት ከዚህ ንቅንቅ የለም!" እያሉ ይምላሉ።

"ከስሜ ሥር፣ 'እስከ ዕለተ ሞቱ ለፓርቲው የታመነ' ብለህ ቅረጽ" አሉት። "የፓርቲዬንም ስም በትልቁ ጻፍ። እምቢ ካልክ ይህን ሱቅህን አስዘጋዋለሁ!"

ጠራቢው ጨነቀው። ቢጽፍ የመንደሩ መሣቂያ ሊሆን ነው፤ ባይጽፍ የእንጀራ ገመዱ ሊበጠስ። መሮውን አስቀመጠና እጅ ነሣ።

"እንዳሉት እጽፋለሁ፣ ክቡርነትዎ" አለ። "የፓርቲውን ስም ግን እንደሚሞቱበት ዓመት ቦታውን ባዶ ልተወው። ሁለቱም የሚታወቁት የቀብርዎ ዕለት ነው።"